ጉዳዩን ሳይናገር የበላ ሽማግሌ

«ያለ ሽማግሌ አልሄድም አልኩህ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ሽማግሌው ካልመጡስ? እዚህ ቆመን መስቀልን እናሳልፍ?»

«ነገ ይመጣሉ።»

«ነገ መኪና የለም፣ ዴታሞ! ሰውየው ሲጮህ አትሰማም?»

የጭነት መኪናው ተነስቶ ጭሱን ሆሳዕና ገበያ ላይ ይተፋል። ረዳቱ የኋላውን መዝጊያ በእጁ እየደበደበ «ዶዮገና! ዶዮገና! ከበዓል በፊት የመጨረሻ ነው!» ይላል። እኔ አንድ እግሬን ጎማው ላይ አድርጌያለሁ፤ ዴታሞ መሬት ላይ ቆሞ ጋቢውን ያጣጥፋል፣ መልሶ ይዘረጋል።

ዴታሞ ከኔ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ረዳት አስተማሪ ነው። አገሩ ከአንጋጫ ወዲያ፣ ከምባታ ውስጥ ነው። ሦስት መስቀል አባቱ ቤት አልገባም። አባቱ ሽማግሌ ልከው ልጅ አጭተውለት ነበር፤ ልጅቷ ከተሰጠች በኋላ እሱ ጠፍቶ ሆሳዕና ገባ። አባቱም የላኳቸውን ሽማግሎች ፊት ማየት አቃታቸው። ልጅቷ ሌላ አግብታ ወልዳለች፤ የአባትየው ቂም ግን እንዳለ ነው። በዚያ አገር ደግሞ የመስቀል ዋዜማ የተጣላ ሰው ከአንድ ጣባ አይበላም። አስቀድሞ ሽማግሌ ይገባል፣ ይማልዳል፣ ይቅር ይባባላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ ወደ ምግብ የሚዘረጋው። ዘንድሮ የእናቱ ወንድም ሊማልዱ ቃል ገብተው ነበር። እሳቸው ግን ለጉዳይ ቦኖሻ ሄደው፣ ወንዝ ሞልቶባቸው ቀርተዋል ተባለ።

«እኔ አለሁልህ እኮ» አልኩት።

«አንተ? ጺም እንኳ የለህ።»

«ምላስ አለኝ።»

«ምላስህንማ አውቀዋለሁ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ ክንዱን ይዤ ጎተትኩት።

እውነቱን ለመናገር የቸኮልኩት ለሱ ብዬ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የከረምኩት። እግሬ ያሳክከኝ ነበር። የማላውቀውን ዳገት ማየት፣ የማላውቀውን ምግብ መቅመስ፣ ሁለት ሦስት ግጥም ይዤ መመለስ ፈለግሁ። የጓደኛዬ እርቅ ለመንገዴ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ።

ወደ ዶዮገና

ጋቢናው በአንድ ብር ነው፤ አንዲት የሹም ሚስት ከነዶሮዎቿ ይዛዋለች። እኛ ሽልንግ ሽልንግ ከፍለን ከጨው ጆንያ በላይ ተቀመጥን። አብረውን ያሉት ከወንጂ አገዳ ቆረጣ ለበዓል የሚመለሱ ጎረምሶች ናቸው። ሁሉም አዲስ ካኪ ለብሰዋል፣ ሁሉም ባርኔጣ አድርገዋል፣ አንዱ ጃንጥላውን ዝናብ ሳይኖር ዘርግቶ ይዟል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ ቅጠሉን እያወዛወዘ ያሳልፈናል፤ ከየደጁ ሴቶች ወጥተው «ማነው? የማን ልጅ ነው?» እያሉ ጭነቱ ላይ ያለውን ፊት ሁሉ ይመረምራሉ። አንዱ ወጣት እናቱን አይቶ መኪናው ሳይቆም ሊዘል ሲል በቀበቶው ያዙት።

ከቀትር በኋላ ጭቃ ያዘን። ክረምቱ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ ቁልቁለቱ ሥር የኋላ ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ሰጠሙ። ረዳቱ «ውረዱ! ግፉ!» አለ። ሁሉም ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ዴታሞም ገባ፤ ለበዓል ያስተኮሰው ሱሪ ያ ብቻ እንደነበረ አውቃለሁ። እኔ ጫማዬን አይቼ ዳር ቆምኩ።

«አንተ ባለ ጫማ! ና ግፋ እንጂ!» አለኝ ባለ ጃንጥላው።

«እኔ አዝማች ነኝ» አልኩና እጄን አንስቼ ጮህኩ፦

ግፋው የወንጂ ልጅ፣ ጭቃው ምን ሊያመጣ፣
እናትህ ቅቤውን አንጥራ ሳትቆጣ!

ሳቁ፣ ተቀበሉኝ። እየተቀበሉ ገፉ፤ መኪናው እያጓራ ወጣ። «ምላሱን በገመድ ብናስረው ብቻውን ይጎትተው ነበር!» አለ አንዱ፣ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እስከ ዶዮገና ድረስ ያቺን ግጥም ሲደጋግሟት ሄዱ። በየመውረጃቸው ሲወርዱም እየዘፈኗት ወደየመንደራቸው ገቡ። እኔ ጆንያው ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ ኩራቴ ለብርድ እንኳ ቦታ አልሰጠውም። ዴታሞ ሱሪው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል።

ዶዮገና ደርሰን አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት በስሙኒ አልጋ ተከራየን። አልጋ ማለት አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ነው። ብርዱ ከደጋው ወርዶ በሩ ሥር ይገባል።

ዋዜማ

በነጋታው የዶዮገና ገበያ ሰው አያላውስም። ለበዓል የማይሸጥ ነገር የለም፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በረድፍ ተደርድሯል፣ ከእንሰት የተጨመቀ ነጭ ቡላ እንደ አይብ ተቆልሏል፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ የሸክላ ጣባው። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ያጠራቀሙትን ቅቤ ተከፋፍለው የየድርሻቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ቅቤ በጣቷ ጫፍ አንስታ «ቅመስ፣ ያንተ አገር ቅቤ እንደዚህ ይሸታል?» ብላ ዘረጋችልኝ። አልቀመስኩም። ዴታሞ ከጭንቀቱ የተነሳ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደለትም፤ እኔ ደግሞ ሆዴን ለማታው አታካና ባዶ እያደረግሁት ነበር። አታካና ቡላው በወተትና በቅቤ ተሠርቶ ለዋዜማ የሚቀርብ ነው፤ የዴታሞ እናት የሀዲያ ልጅ ናት፣ እንደሷ የሚሠራው የለም ይለኛል።

ከዚያ በእግር ነው። መንገዱ በገብስ ማሳና በእንሰት መሀል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐምበሪቾ ተራራ ከፊታችን ደመና ለብሶ ተቀምጧል፤ በሄድን ቁጥር የሚሸሽ ይመስላል። አገሩ ውብ ነው። ውበቱን በቃል እያሰላሁ ስሄድ ዴታሞ የሚለኝን በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው።

ሰፈሩ ሲቃረብ ከቦይ ዳር እርጥብ ሣር ነጭቶ ሰጠኝ።

«ይህን የምልጃ ሣር ይዘህ ግባ። ቁጭ በል ይሉሃል፤ ጉዳይ አለኝ ብለህ ቁም። ብላ ይሉሃል፤ ጉዳዬ ሳይፈጸም እህል አልቀምስም በል። እነሱ እሺ እስኪሉ ውኃም እንዳትጠጣ። እናቴ ብትለምንህም፣ ሰማኸኝ?»

«ለኔ ሽምግልና ልታስተምር ነው? የኛ አገር ሽማግሌ የሚበላ መሰለህ?»

«እሱ እንኳ ልክ ነህ» አለ። አጥሩ ጥግ፣ እንሰቱ መሀል ቆመ። «ሲጠሩኝ እመጣለሁ። ቶሎ እንዳትል፣ ደግሞም እንዳትቆይ።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ቤቱ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው፤ በአንድ ወገን ከብቶቹ ያመነዥካሉ፣ በመሀል እሳቱ ቦግ ብሎ ቤቱን ሁሉ ያሳያል። አባቱ አቶ ላንቃሞ ረዥም፣ ደረቅ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ጎረቤቶች አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሣሬን ይዤ እጅ ነሣሁ።

«ግባ፣ ግባ ልጄ! ከየት ነው?»

«ከሆሳዕና ነኝ፣ አባቴ።»

«ከሆሳዕና! አንተ እንዳትሆን ያ ጭቃውን በግጥም ያስወጣው?» ጎረቤቶቹ ቀና አሉ። «የጎረቤት ልጅ ከወንጂ መጥቶ ከትናንት ጀምሮ ይቺኑ ይዘፍናል። ቅቤውን አንጥራ ሳትቆጣ! በል፣ ከባለቤቱ አፍ እንስማት።»

ስሜ ከኔ ቀድሞ ደርሷል! እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም። ቆሜ አልኳት። ቤቱ ሳቀ። ሌላ ጨምር አሉኝ፤ እዚያው ገጥሜ ለሐምበሪቾ አንድ፣ ለቤቱ አንድ ጨመርኩ። አቶ ላንቃሞ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁና ክንዴን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መቀመጤን ያወቅሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

የዴታሞ እናት በጓዳው በኩል ጣባውን ይዛ መጣች። ጣባው ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው። ቡላው መሀል ላይ ነጭ ሆኖ ተነባብሯል፣ ዙሪያውን የተነጠረው ቅቤ ቢጫ ሆኖ ይንቀጠቀጣል፣ እሳቱ ቅቤው ውስጥ ይታያል፣ የኮረሪማው ሽታ አናት ድረስ ይወጣል። ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። አቶ ላንቃሞ በቅጠል ዝቀው እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«የግጥምህ ነው» አሉ።

እጃቸው ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ። እኔም አፌን ከፈትኩ።

የመጀመሪያውን ጎረስኩ። ሁለተኛውን ጎረስኩ፣ «አንድ ያጣላል» ተብሎ። ከዚያ በራሴ እጅ ቀጠልኩ። ስንት እንደበላሁ አላውቅም። እጄን ልጠርግበት ስፈልግ ነው ከጭኔ ሥር እርጥቡ ሣር የተሰማኝ።

ብድግ አልኩ። «አባቴ... የመጣሁበት ጉዳይ አለ።»

«ጉዳይ ነበረህ እንዴ?» አሉ። ዓይናቸው መሳቁን አቆመ።

«ልጅዎ ዴታሞ...»

«አጥሩ ጥግ ቆሟል። አውቃለሁ፤ ከመጣችሁ ጀምሮ ውሻው ነግሮኛል።» ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ደፉ። «ስማኝ ልጄ። እኔ ለሱ ሦስት ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሦስቱም በልጅቷ አባት ደጅ ከጧት እስከ ማታ ቆመው ዋሉ፤ ውኃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። እንደዚያ ተቸግረው ያመጡትን ቃል ልጄ ጥሎት ሄደ። ዛሬ ደግሞ እሱ ለራሱ የላከው ሽማግሌ ራቱን በልቶ ሲያበቃ ጉዳዩ ትዝ አለው።»

«ይቅርታ አባቴ፣ ረሃብ...»

«እምቢ እንድትለኝ እጄን አቆየሁልህ» አሉ በዝግታ። «አላየኸኝም? እምቢ ብትለኝ ኖሮ ለምን እልህ ነበር፣ ጉዳይ አለኝ ትለኝ ነበር፣ እኔም እነዚህ ሰዎች ፊት እሺ እል ነበር። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ሰው መጥቶ እምቢ እንዲለኝ ነው። አሁን ምን ልበል? ያልተለመንኩትን ልስጥ?»

«አሁን እለምናለሁ።»

«የበላ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ይከበራል እንጂ አይማልድም። ቁጭ በልና ብላ።»

በዚህ መሀል ሰፈሩ መግባት ጀመረ። ዋዜማው የሚበላው ከታላቁ ቤት ተጀምሮ በየቤቱ እየተዞረ ነው፣ ታላቁ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሰው ችቦውን ደጅ ላይ እያጠፋ፣ ልጅ እያስቀደመ፣ እየተሳሳመ ቤቱን ሞላው። እናቱ ጣባ ማመላለስ ያዘች። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ከሰው መሀል አንድ እጅ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ነገር እጄ ውስጥ አስቀመጠና ተመለሰ። የእናቱ እጅ ነበር።

ዴታሞ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ልናገር አፌን ስከፍት ቀድሞኝ ፊቴን አየ።

«ከንፈርህ ያብረቀርቃል» አለ።

ጥቅሉን ስሰጠው አሸተተውና መለሰልኝ። «አልታረቅኩም። የሳቸውን እህል እንዴት እበላለሁ?» ወደ ቤቱ መመለስ አፈርኩ፤ ይዤው መሄድም አፈርኩ። አጥሩ ላይ አስቀመጥኩት።

አንጋጫ፣ የመስቀል ዕለት

በሌሊት በእግር የገባንበት አንጋጫ ከተማ ሰው የሌለበት መስሎ ነጋ። ሱቆቹ የጉራጌዎች ናቸው፤ ባለቤቶቹ ለመስቀል አገራቸው ገብተው በሩ ሁሉ በሳንቃ ተዘግቷል። ክፍት የነበረው የጋሽ ከድር ሻይ ቤት ብቻ ነው። ጋሽ ከድር ጉራጌ ናቸው፣ እስላም ናቸው፤ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ብርጭቆ ያጥባሉ።

«ዛሬ ክርስቲያን ሻይ ቤቴ ሲገባ አየሁ!» አሉ። «ምነው ልጆች፣ ቤት የላችሁም?»

«አለን፣ ጋሼ» አለ ዴታሞ። «ሩቅ ነው።»

ሐምበሪቾ በሩ መሀል ይታይ ነበር። የአባቱ ቤት ከዚያ በወዲህ ነው፣ ሰው ምሳውን በልቶ ለሻይ የሚደርስበት መንገድ።

ጋሽ ከድር የዴታሞን ሱሪ ጭቃ አይተው ሌላ አልጠየቁም። ዳቦና ሻይ አመጡ። ዴታሞ በላ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የቀመሰው የመጀመሪያ እህል የገበያ ዳቦ ሆነ። እኔ አልወረደልኝም። ከየመንደሩ ዘፈንና እልልታ ይመጣል፤ አንዳንዴ በነፋሱ ውስጥ የኔን ግጥም የሰማሁ ይመስለኝና ጆሮዬን መድፈን እሻለሁ።

«ተቆጣኝ» አልኩት በመጨረሻ። «ስደበኝ እንጂ።»

«ምን ብዬ?» አለ። «ራበህ፣ በላህ። እኔ ነኝ የተራበ ሰው የላክሁ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መልስ

በማግስቱ በእግር ዶዮገና፣ ሦስተኛው ቀን ላይ በመኪና ሆሳዕና። ስንመለስ ጭነቱ ድንችና ቆጮ ነበር፤ መንገዱ ደርቋል፣ ማንንም ግፉ ያለ የለም። ጎረምሶቹ ባርኔጣቸውን ለታናናሾቻቸው ሰጥተው ባዶ ራሳቸውን ወደ አገዳው ይመለሳሉ። ባለ ጃንጥላው አውቆኝ «አዝማች! በል እንጂ!» አለኝ። ጉሮሮዬ ታሟል አልኩት።

ከዚህ መንገድ ምን ተማርክ ለሚለኝ አንባቢ የምመልሰው ትንሽ ነው። አገሩን እዩት፤ መንገዱ ቢከፋም ሰዉ እንግዳ ያከብራል፣ ደጋው ያምራል፣ የዋዜማውን ምግብ የሚመስል የለም። እኔ ግን የሰው ጉዳይ ተሸክሜ የሄድኩ መሆኔን በየዳገቱ እየረሳሁ፣ ራሴን ብቻ እንግዳ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ወጉን ባላውቅ ኖሮ ይቅር ይባልልኝ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ያጎረሰኝ ረሃብ ነው እንዳልልም፣ ከረሃቡ በፊት አፌን ያስከፈተኝ ሙገሳው ነው።

ይህን ተምሬያለሁ ባልኩ በሁለተኛው ቀን የሆነውን ደግሞ ልናገር። ክፍላችን ውስጥ ነን። ዴታሞ የተማሪ ደብተር ያርማል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የጻፍኩትን አንስቼ «ላንብብልህ?» አልኩት። ስለ ቤታቸው ስለሆነ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ቀና ሳይል ማረሙን ቀጠለ፤ እሺታ አድርጌ ቆጥሬው አነበብኩ።

የናት እጅ ያመጣው፣ ጣባው እስኪሞላ፣
ዙሪያው ቅቤ ኩሬ፣ ደሴቷ ነች ቡላ...

እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። እርሳሱን ደብተሩ ላይ አስቀመጠ።

«ጥሩ ነው» አለ። «እናቴ ናት?»

«አዎ።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። የጣባው ስንጥቅ መጣልኝ። የቅቤው ቀለም መጣልኝ፣ የኮረሪማው ሽታ መጣልኝ፣ የአባቱ እጅ፣ የራሴ ግጥም፣ የሰዎቹ ሳቅ መጣልኝ።

«ነጠላ... ነጭ ነጠላ መሰለኝ።»

«ጸጉሯስ? ሸብቷል?»

«ጨለማ ነበር፣ ዴታሞ።»

«ቅቤው ሲያብለጨልጭ አይተሃል» አለ።

ተነሳ። ደብተሮቹን አንድ ላይ አድርጎ አስተካከለ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። የት ነው አላልኩትም። ወጣ፤ በሩንም ሳያላትመው፣ በሽተኛ የተኛበትን ቤት እንደሚዘጋ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።